የገፈርሳ ወፎችና የመግቦት ጥያቄ

መግቦት የሚለው የነገረ መለኮት ቃል «መገበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ እግዚአብሔር ዓለምን ፈጥሮ እንዳልተወውና ፍጥረቱን ሁሉ በየጊዜው እየመገበና እየጠበቀ እንደሚያኖረው ያመለክታል። ለዚህ ትምህርት በብዛት የሚጠቀሰው ማስረጃ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ሰማይ ወፎች የተነገረው ቃል ነው። ቃሉ ብዙውን ጊዜ ጭንቀትን ለማራቅ ይሰበካል፤ ሆኖም አስቀድሞ የሚያዘው ወፎቹን መመልከትን ነውና ምግባቸውን ከየት እንደሚያገኙ ቀርቦ ማየት ራሱ የትእዛዙ አካል ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምቦ መንገድ ዳር የሚገኘው የገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ ለዚህ ምልከታ የተመቸ ስፍራ ነው። ግድቡ የተሠራው ለከተማይቱ የመጠጥ ውኃ እንዲሆን እንጂ ለወፍ ታስቦ አይደለም። በክረምት ውኃው ሞልቶ የዳሩን ሣር ስለሚውጠው፣ እየዋኙና እየጠለቁ የሚመገቡት እንጂ በጭቃ ላይ እየተራመዱ የሚለቅሙት ወፎች ብዙ ስፍራ አያገኙም። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያቆምና ከተማይቱ የምትጠጣው ወደ ማጠራቀሚያው ከሚገባው ሲበልጥ ግን ውኃው ከዳር እየሸሸ ይሄዳል፤ ትልና የነፍሳት ዕጭ የሞላበት ጭቃም ይገለጣል። ፈላሽ ወፎች፣ ማለትም ዓመታቸውን በሁለት አህጉር ከፍለው የሚኖሩት፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚደርሱት በዚሁ ወቅት ነው። እስከ መጋቢትና ሚያዝያ የሚቆዩት እነዚህ እንግዶች ማዕዳቸው የሚሰፋላቸው ሰው ውኃ በመጠጣቱ ነው፤ ጠጪው ግን ይህን አላሰበም፣ አያውቅምም።

በኢትዮጵያ ሊቃውንት የሥነ ፍጥረት ትምህርት ወፎች በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙ፣ በደመ ነፍስ ሕያው የሆኑ ፍጥረታት ናቸው። ደመ ነፍስ በደም የምትኖር፣ ማሰብና መናገር ከሚቻላት ከሰው ነባቢት ነፍስ የተለየች ሕይወት ናት። ታዲያ በደመ ነፍስ የሚኖር ፍጥረት ጊዜን እንዴት ያውቃል? የዘመኑ ሳይንስ የቀኑ ርዝመት መለወጥ ወፎቹን ለጉዞ እንደሚያነሣሣቸው፣ ፀሐይ፣ ከዋክብትና የምድር መግነጢሳዊ ኃይልም አቅጣጫ እንደሚያሳያቸው አረጋግጧል። ይህ ማብራሪያ መግቦትን የሚሽር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን መንገዱን መግለጥ መሪ የለም ማለት አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት በሰጣቸው ዘጠኝ ስብከቶች ውስጥ ስለ ወፎች ጠባይ በሰፊው ያስተማረው፣ ፍጥረትን መመርመር እምነትን የሚጎዳ ባለመሆኑ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ምግቡ ሳያስብ በሚሰጥ ሰው እጅ ካለፈ መጋቢው ማን ነው? ጉዳዩን አጋጣሚ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ መግቦት የተቀባዩን ፍላጎት የሚያሟላው በሰጪው ሐሳብ ልክ ብቻ ነው ያለ መምህር የለም። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው፣ በገፈርሳ ዳር ሣር የሚግጠው ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥሩ ምስክር ነው። የአገሩ ሰው ዝይና ዳክዬ መብላትን በሃይማኖቱና በልማዱ ስለሚጸየፍ ወፉ ከአዳኝ ተርፎ ኖሯል፤ ሥርዓቱን የጠበቀው ምእመን ወፉን እየጠበቀ መሆኑን ግን አላሰበም።

ሳያውቅ የሚሰጥ እጅ ሳያውቅም ይነሣል። እስከ ውኃው አፋፍ የሚያርስ ገበሬም ሆነ ቤቱን ወደ ዳሩ የሚያስጠጋ ነዋሪ ወፍን ለመጉዳት አይነሣም፤ ማዕዱ ግን ይጠባል። ስለዚህ መግቦትን ከኃላፊነት ማምለጫ አድርጎ መተርጎም ስሕተት ነው። በማጠራቀሚያው ዙሪያ ያለው ሣርና ጭቃ እንደ ባዶ መሬት ሊቆጠር አይገባም፤ ሳይታረስና ሳይታጠር ሊቆይ ይገባዋል።