የተኛ እንግዳ አደራ



በቀድሞው ዘመን በአገራችን ገጠር መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባው ነበር። እግሩን አጥቦ፣ ካለው አካፍሎ፣ መደቡን ለቆ ያስተኛዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጅብ ቢመጣ ወይም ቤቱን እሳት ቢይዘው ስለ እንግዳው የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳው የቤቱን ጓዳ ጎድጓዳ አያውቅምና።

ዛሬ መንገደኛ በአብዛኛው የሚያድረው በሆቴል ነው። ገንዘብ ከፍሎ ቁልፍ ይቀበላል። እንግዲህ አልጋው በገንዘብ ስለ ተከራየ የቀድሞው አደራ ቀረ ማለት ነውን? አስተናጋጁ፣ አልጋ አንጣፊዋና የሌሊት ዘበኛው በአደጋ ሰዓት ለማያውቁት ሰው ሕይወት እስከ ምን ድረስ ግዴታ አለባቸው? በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች ስላሉን ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1946 በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ ዋይንኮፍ በተባለው ባለ 15 ፎቅ ሆቴል በሌሊት እሳት ተነሣ። ሆቴሉ «እሳት የማይበግረው» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ማንቂያ ደወል አልነበረውም፤ መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ሲሆን፣ ጭሱን ከየፎቁ የሚያግድ በር አልተበጀለትም። ለወጣቶች ጉባኤ የመጡ ተማሪዎች ጭምር 119 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ግን ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ድንጋዩ እሳትን ተቋቋመ፤ በውስጡ ለተኙት ግን ያሰበላቸው አልነበረም። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በቱርክ ካርታልካያ በአንድ የበረዶ መዝናኛ ሆቴል 78 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተረፉት ብዙዎቹ ደወል አለመስማታቸውን ተናግረዋል።

በእንዲህ ያለው ጥፋት ውስጥ ሰውን ለመግደል ያሰበ ላይኖር ይችላል። ሆኖም በደል ክፉ በማድረግ ብቻ ሳይሆን የሚገባውን ባለማድረግም ይፈጸማል። የአደጋ መውጫውን በር ሌባ እንዳይገባ ብሎ በሰንሰለት የሚቆልፍ፣ ደረጃውን የዕቃ ማከማቻ የሚያደርግ፣ ደወሉ መበላሸቱን እያወቀ ዝም የሚል ሰው በዚያች ዕለት ማንንም አልጎዳም። በደሉ የሚገለጠው እሳቱ በተነሣ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

አንድ ሠራተኛ «ደመወዝ የሚከፈለኝ ላገለግል እንጂ ልሞት አይደለም» ቢል፣ አነጋገሩ እውነትነት አለው። ማንም አሠሪ በደመወዝ የሰውን ነፍስ ሊገዛ አይችልም፤ ተመልሶ ወደ ነበልባል መግባትም እንደ ግዴታ አይታዘዝም። ይሁን እንጂ በመሞትና ጥሎ በመሸሽ መካከል ሰፊ የግዴታ ስፍራ አለ። ይኸውም ደወሉን ማሰማት፣ በሮችን እያንኳኩ የተኙትን መቀስቀስ፣ አሳንሰር እንዳይጠቀሙ ማስጠንቀቅ፣ አቅመ ደካማውን መደገፍ፣ በጭስ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወደ ደረጃው መምራት፣ ከወጡም በኋላ የእንግዶቹን መዝገብ ይዞ ማን እንደ ጎደለ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገር ነው። ይህ ግዴታ የሚመነጨው ከደመወዝ ሳይሆን ከዕውቀት ነው፤ በሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ዕዳ አለበትና።

ታዲያ ሠራተኛው ያልተማረውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከሁሉ የሚከብደው ዕዳ የባለ ሆቴሉ ነው። ሠራተኛውን ሳያሠለጥን፣ መውጫውን ሳያለማምድ በአደጋ ቀን ጀግንነት የሚጠብቅ አሠሪ የራሱን ሸክም በድሃው ጫንቃ ላይ ይጥላል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 በሙምባይ ከተማ ታጣቂዎች ታጅ ማሃል ሆቴልን በወረሩ ጊዜ ሠራተኞቹ የጓሮ መውጫዎቹን ያውቁ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን እንግዶቹን ለማውጣት እዚያው ቀሩ። ስልክ አገናኞች ሳይቀሩ እንግዶቹን ለመርዳት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። 11 ያህል ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። ይህ ከግዴታ በላይ ስለሆነ ከማንም በትእዛዝ አይጠየቅም። ግን እንዲህ ያለ ልብ በአንድ ሌሊት አይበቅልም፤ በየቀኑ እንግዳን እንደ ሰው መቁጠር የለመደ ያን ዕለትም ያንኑ ያደርጋል።

በቋንቋችን የተሰጠውን ያልጠበቀ ሰው «አደራ በላ» ይባላል። የተኛ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የከበረውን፣ ሕይወቱን፣ በሌላው እጅ ትቶ ነው የሚያሸልበው። ስለዚህ በሆቴል የምትሠሩ ወጣቶች፣ ልጆችንም ከቤታቸው ውጭ የምታሳድሩ መምህራን፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደረጃውን ውረዱት፤ የመጨረሻውንም በር ገፋ አድርጋችሁ እዩት። ይከፈታልን?