ብቸኛ ቁጥርና ምስክሩ

የባሕረ ሐሳብ ሊቅ በአዲስ ዓለም ደብረ ጽዮን ማርያምም ሆነ በሌላው ደብር ዘመንን ሲቀምር በሦስት ዙሮች ይሠራል፤ በአራቱ ወንጌላውያን፣ በሰባቱ ዕለታትና በ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት። 19 ንዑስ ቀመር፣ 76 ማዕከላዊ ቀመር፣ 532 ደግሞ ዐቢይ ቀመር ይባላል። ለመሆኑ ስለምን 532 ሆነ? 7 እና 19 ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ 4ም ከእነርሱ ጋር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለው፣ ሦስቱ ዙሮች ብዜታቸው ሳይሞላ በመነሻቸው ላይ ከቶ አይገናኙም። ይህን ንጉሥ አልደነገገውም፤ ጉባኤም አልወሰነውም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውና፤ እውነት የሚጸናው በተናጋሪው ክብር ነውን?

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 አንድ ነገር ጻፈ፤ 67 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ብቸኛ ቁጥር ነው አለ። ቃሉን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያፈረሰው አልነበረም። በ1876 ኤድዋር ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ዳሩ ግን አካፋዮቹን ሊያሳይ አልቻለም። (እኛ የቴአትር ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዕውቀት እናውቀዋለን፤ ተውኔቱ መሰበሩን እርግጠኞች ሆነን የተሰበረበትን ትዕይንት ግን መጠቆም ያቅተናል።)

በጥቅምት 1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒው ዮርክ በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆመ። እንደሚተረከው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሰሌዳው በአንድ ወገን የሜርሴንን ቁጥር አስልቶ 147,573,952,589,676,412,927 ላይ ደረሰ። በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ፤ ኮልም ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ቢጠየቅ «የሦስት ዓመት እሑዶች» አለ ይባላል። ከዚህ የበለጠ ቃለ ተውኔት የሌለው ትዕይንት አላውቅም። ተመልካቹ ያጨበጨበው ለሰውዬው ስም አልነበረም፤ እርሳስ ያለው ሁሉ ሊፈትነው ለሚችል ነገር ነበር።

ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2024 ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በኮምፒዩተሮች ኃይል ደረሰበት። ቁጥሩ 41,024,320 አኃዝ አለው፤ በየሰከንዱ አንድ አኃዝ ቀንና ሌሊት ቢነበብ 475 ቀን ያህል ይፈጃል። ምስክሮቹ በተለያዩ መሣሪያዎችና በተለያዩ የስሌት መርሐ ግብሮች ደግመው ደጋግመው አረጋግጠዋል። ይህ የሜርሴንን ቃል እንደ መቀበል አይደለም፤ የማረጋገጫው መንገድ ለማንም ክፍት ነውና። ይሁን እንጂ ክፍት መንገድም ስንቅ ይጠይቃል። የኮልን ብዜት በአዲስ ዓለም ያለ ተማሪ በደብተሩ ላይ አንድ ከሰዓት ተቀምጦ ሊፈትነው ይችላል። የ2024ቱን ቁጥር ግን ኃይለኛ ኮምፒዩተር የሌለው መምህር ለተማሪዎቹ ሲያስተምር፣ የሜርሴን አንባቢዎች ቆመው በነበሩበት ሥፍራ ቆሞ ነው።