ከጣሪያ ላይ የታየው ኮከብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ነሐሴ 6 ማታ፣ በጽንሰታ ዋዜማ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ራስ አል ኸይማ ወዳለው ጀበል ጃይስ ተራራ ወጡ። መጀመሪያ «በፍልሰታ ጾም ምን ሽርሽር ነው?» ብለን ተቆጥተን ነበር፤ በኋላ ግን አብረን ወጣን።

በየዓመቱ በእነዚህ ሌሊቶች ተወርዋሪ ኮከብ ይበዛል። ኮከብ እንበለው እንጂ ጅራታም ኮከብ ጥሎት ያለፈ ትቢያ ነው፤ አብዛኛው ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። የምድርን አየር ሲነካ ይበራል። ስልካችንን አጥፍተን፣ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል በዝምታ ቆየን። ከዚያ ትቢያ ሲያበራ አየን፤ ቁጣችንም በረደ።

ስንወርድ ከአንዲት እኅታችን መልእክት ደረሰን። በሰው ቤት የምትሠራ፣ የዕረፍት ቀን የሌላት ናት። «አባታችን፣ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንድ አየሁ። ለእኔም ነው?» ትላለች።

አዎን ልጄ፣ ለአንቺም ነው። አባታችን አብርሃምም ከአገሩ ወጥቶ በድንኳን የሚኖር ስደተኛ ሳለ ነው እግዚአብሔር ከዋክብትን ያሳየው (ዘፍ. 15፥5)።

ዕረፍት ያላችሁ ልጆቻችን ሆይ፣ ውጡ፣ ተመልከቱ፤ ቅዳሴውን ግን አታስታጉሉ። ጌታ ሦስቱን ይዞ ወደ ታቦር ሲወጣ ዘጠኙ ከተራራው እግር ሥር ቀርተው ነበር፤ እርሱ ግን ወደ እነርሱ ወረደ። እኛም ከተራራ ስንመለስ መውጣት ላልቻለችው እኅታችን እንደውል፤ ደመወዝ ከተከለከለች፣ ከታመመች፣ ለደብሩ እንንገር። ያየነው ብርሃን ያን ጊዜ ይጠቅመናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።