ራሱ ደንጋጊ፣ ራሱ ተጫዋች

ሰው ራሱ በደነገገውና በፈለገ ጊዜ ሊሽረው በሚችለው ሕግ ሊታሰር ይችላልን የሚለው ጥያቄ በፍልስፍና ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ማሰር የሚችል መፍታትም ስለሚችል ለራሱ ብቻ የታሰረ ሰው አልታሰረም ሲል አሉታዊ መልስ ሰጥቶበታል። አማኑኤል ካንት በአንጻሩ እውነተኛ ነጻነትን ያየው የሰው አእምሮ ለራሱ ባወጣው ሕግ በመገዛቱ ውስጥ ነው። ክርክሩ በነገሥታት ሥልጣንና በሥነ ምግባር ዙሪያ ሲመላለስ ቢኖርም፣ የፒንቦል ማሽን ገዝቶ ቤቱ ውስጥ ያቆመ ሰው ሳያስበው በየምሽቱ ይገባበታል።

ፒንቦል፣ በመስታወት በተሸፈነና ወደ ተጫዋቹ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ ሰማንያ ግራም ገደማ የምትመዝን የብረት ኳስ እየተንከባለለችና ከመሰናክል ወደ መሰናክል እየተላተመች ነጥብ የምታስገኝበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ከታችኛው መውደቂያ የሚያድናት ፍሊፐር በሚባሉ፣ ከማሽኑ ግራና ቀኝ ባሉ ቁልፎች በሚታዘዙ አጫጭር ክንዶች ነው። እነዚህ ክንዶች ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው «ሀምፕቲ ደምፕቲ» ላይ ከመታየታቸው በፊት፣ ኳሷ አንዴ ከተለቀቀች በኋላ ለተጫዋቹ የሚቀረው ማሽኑን መግፋትና መነቅነቅ ብቻ ነበር። ይህንንም ለመገደብ በ1930ዎቹ ቲልት የሚባለው መቆጣጠሪያ ተፈጠረ፤ በተለመደው አሠራሩ በብረት ቀለበት መካከል የግንበኛ ቱንቢ ይንጠለጠላል፣ ማሽኑ ከልክ በላይ ሲነቀነቅ ቱንቢው ቀለበቱን ነክቶ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይገጥማል፣ በዚያው ቅጽበት ፍሊፐሮቹ ሥራ አቁመው ኳሷ ትወድቃለች። በቁጣና በጥበብ መካከል ያለውን ድንበር በዚህ ያህል ቅንነት የሚለካ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

የአሜሪካ ከተሞች ስለዚህ ማሽን የጠየቁት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ እርሱም ጨዋታው የዕድል ነው ወይስ የክህሎት የሚል ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1942 ፒንቦልን ቁማር ነው ብላ ከለከለች፣ ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጓርዲያም ማሽኖችን በመዶሻ ሲሰብሩ ለፎቶግራፍ ቀረቡ። እገዳው በ1976 የተነሣው ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ኳሷ የምታልፍበትን መንገድ አስቀድሞ አመልክቶ እንዳለው ካደረገ በኋላ ሲሆን፣ ሻርፕ ራሱ በዚያች ቅጽበት ዕድልም እንደረዳው ኋላ ላይ አልሸሸገም። ከዚህ ክርክር ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የጨዋታውን ደንብ የሚወስነው ሌላ ሰው፣ ማለትም ጨዋታው ቶሎ አልቆ ሌላ ሳንቲም እንዲገባ የሚሻው የማሽኑ ባለቤት መሆኑ ነው።

ማሽኑ ወደ ሰብሳቢ ቤት ሲገባ ባለቤቱና ተጫዋቹ አንድ ይሆናሉ። ሰብሳቢው ማሽኑን ያለ ሳንቲም እንዲሠራ ያደርገዋል፤ የእግሮቹን ብሎኖች እያዞረ፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ የሚሆነውን የሰሌዳውን ዘንበል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች በሚፈቅዱት መጠን በሁለቱ ጠርዞች ያሉትን የኳስ መውጫዎች ያጠብባል፤ ቱንቢውን ከፍና ዝቅ እያደረገ ምን ያህል መነቅነቅ እንደሚፈቀድለት ራሱ ለራሱ ይወስናል። መሸነፍ ምንም በማያስከፍልበትና ዳኛ በሌለበት በዚህ ሥፍራ ሆብስ ትክክል ይመስላል።

ሰብሳቢዎች የሚመርጡት ማሽን ግን ወደ ተቃራኒው ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውና ከሃያ ሺህ በላይ የተመረተው «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» በሰብሳቢዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ከሚፈለጉት አንዱ ሲሆን፣ ከሰሌዳው ሥር የተደበቁት ማግኔቶቹ በጨዋታው መካከል ኳሷን ከመንገዷ ያስታሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩትን፣ በኮምፒውተር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ማብሪያዎችና በደወል የሚሠሩትን የሚመርጠውም ቢሆን የሚወድደው ስስታምነታቸውን ነው፤ በእነርሱ ላይ ነጥብ በጥቂቱ ይገኛል፣ ኳስም ቶሎ ይጠፋል። በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ፣ መጫወት አስፈላጊ ያልሆነን እንቅፋት በፈቃድ ለማሸነፍ መጣር ነው ሲል የሰጠው ትርጓሜ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ለሥዕሉ ወይም ለተሰየመበት ፊልም ሲባል ብቻ የተገዛ ማሽን ዐይን ሲለምደው ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ተጫዋቹን የሚመልሰው እምቢተኛው ነው።

ሆብስ ያላሰበው ጊዜን ይመስላል። ደንጋጊውና ተጫዋቹ አንድ ሰው ቢሆኑም በአንድ ቅጽበት አይገናኙም፤ ቱንቢው ማለዳ ይስተካከላል፣ ኳሷ ማታ ትለቀቃለች፣ እየተንከባለለች ሳለም የእግር ብሎን ለማዞር ፋታ አትሰጥም። ሽረት የሚቻለው ከሽንፈት በኋላ ስለሆነ፣ ያለፈውን ሽንፈት የሚመልስ ሥልጣን ለደንጋጊው አልተሰጠውም። ስእለት የተሳለ ሰው ምስክሩን በሰማይ ያኖራል፤ ሰብሳቢው ያለው ምስክር የብረት ክብደትና የምድር ስበት ነው፣ እነርሱም ባለቤትነቱን አይቀበሉም።

ይህ ምስክርነት የሚቋረጥበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ኳሷ በመሰናክሎች መካከል ተወትፋ ስትቆም ነው። ዘመናዊው ማሽን ጥቂት ጠብቆ ክንዶቹንና መግፊያዎቹን በየተራ እያንቀሳቀሰ ይፈልጋታል፤ ካልተላቀቀች መስታወቱን ከፍቶ በእጅ ማውጣት ግድ ይሆናል። በውድድር ላይ ይህን የሚያደርገውና ኳሷ የምትቀመጥበትን የሚወስነው ዳኛ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ሰብሳቢው መስታወቱ ተከፍቶ፣ ኳሷን በጣቶቹ ይዞ፣ ማንም በማያይበት የት እንደሚያስቀምጣት መወሰን አለበት።