ትዝታና ፍርድ

በቋንቋችን ሁለት ነገር በአንድ ስም ከሚጠራባቸው ቃላት አንዱ ትዝታ ነው። ትዝታ ያለፈውን ነገር በልብ መልሶ ማየት ነው፤ እንደዚሁም ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከሚቈጠሩት ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች የአንደኛው ስም ነው። ማሰብና ማንጐራጐር በአንድ ስም መጠራታቸው ለእኔ ትልቅ ትምህርት ይሰጠኛል። ምስክር በዳኛ ፊት ሲቆም የሚወደውንም የሚጠላውንም፣ ያየውን ሁሉ እንዲናገር ይገደዳል፤ ዜመኛ ግን ለዜማው የሚስማማውን መርጦ የቀረውን ይተወዋል። ሰው ስላለፈው ዘመኑ ሲያወራ ብዙውን ጊዜ ዜመኛ ነው እንጂ ምስክር አይደለም። እንግዲህ ከአንባቢ ጋራ ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትዝታችንን እስከ ምን ድረስ ልናምነው ይገባናል? ደግሞስ ሰውን በትዝታ መበደል ይቻላልን?

ይህ ጥያቄ ጊዜ ለተረፈው ሰው ብቻ የሚሆን አይደለም። የትናንቷን እያሰበ የዛሬዋን ሚስቱን የሚንቅ ባል፣ የልጅነት አገሯን እያመሰገነች ዛሬ የምትኖርበትን ከተማ የምታማርር ሴት፣ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» እያለ ወጣቱን የሚያሸማቅቅ ሽማግሌ በየሰፈራችን አሉ። ሁሉም የሚፈርዱት በትዝታ ነው፤ ትዝታውን ራሱን ለፍርድ ያቀረበ ግን ጥቂት ነው።

እኔ በሥራዬ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። በመዝገብ ቤት ገቢ የሆነ ደብዳቤ ሁሉ ቀንና ቍጥር ይሰጠዋል፤ ወጪውም እንደዚሁ። ከፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት ቢጐድል ቍጥሩ ስለሚያጋልጥ ጠያቂ ይመጣል። የሰው ልብ ግን ወረቀቱን ሲያወጣ ቍጥሩንም አብሮ ያስተካክለዋልና የጐደለ ነገር መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ፍሬደሪክ ባርትሌት የተባለው የእንግሊዝ አገር የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ማስታወስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በፈተና አሳይቶታል። በካምብሪጅ ለሚገኙ ሰዎች ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተገኘ አንድ ተረት እንዲያነቡ ሰጣቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አንዳንዶቹንም ከወራት በኋላ፣ ያነበቡትን ከልባቸው እንዲጽፉት ጠየቃቸው። ተረቱ እያጠረ ሄደ፤ ለአንባቢዎቹ እንግዳ የነበረው ነገር እየወጣ እነርሱ በሚያውቁት ተተካ። በተረቱ ውስጥ የነበረው የዚያ አገር ታንኳ ሳይቀር በአንዳንዶቹ ጽሑፍ ተራ ጀልባ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ዋሾች አልነበሩም። ልባቸው የማያውቀውን ጥሎ የሚያውቀውን ተካ እንጂ፣ ለማሳሳት ያሰበ አንድም አልነበረም።

የዚያ ታንኳ ነገር ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ያደግሁት ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ስለ ሆነ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን፣ በአገራችን ከሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው፤ ዓባይም ከከተማችን ጫፍ ከእርሱ ተለይቶ ይወጣል። የልጅነቴን ጠዋት ሳስብ በመጀመሪያ የሚታየኝ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው የደንገል ታንኳ ነው። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ውሃውን እየገፋ ይመጣል፤ ሐይቁም ነፋስ ገና ሳይነካው እንደ መስተዋት ተኝቶ ይጠብቀዋል። እኛ ልጆች ከዋርካ ሥር ተቀምጠን መንጠቆ እንጥላለን፤ ቆሮሶ የያዘ ይኰራል፣ ትልቅ አምባዛ የያዘ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል፤ ልጅነቴ ያማረ ነበር እላለሁ።

ነገር ግን ያን ታንኳ ያሰረው ማን ነበር? ደንገሉን ከረግረጉ አጭዶ፣ አድርቆ፣ ነዶውን ከነዶ አጣብቆ በገመድ እየጠፈረ ታንኳ የሚያደርገው በሐይቁ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ የጉማሬ ሥጋ ይበላል እየተባለ፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ጎረቤቱ ተንቆ፣ በማዕድ ተለይቶ ብዙ ዘመን ኖሯል። ከታንኳ ሠሪዎቹ የአንዱ ልጅ የዕድሜ አቻችን ነበር። በዋና የሚስተካከለው አልነበረም፤ የደንገሉን ነጭ ሥር ልጦ እንድናኝክ የሚሰጠንም እርሱ ነበር። ከሰፈራችን ቤቶች በአንዱ ውሃ የጠየቀ ቀን ግን ውሃው የሚሰጠው ሌላ ሰው በማይጠጣበት፣ ከደጅ በተቀመጠ ጣሳ ነበር። በዚያ ጣሳ የተቈጣ ትልቅ ሰው አላስታውስም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ነው። እኔ የጣናን ጠዋት ሳስታውስ እርሱ፣ ዛሬ የትም ይኑር የት፣ ጣሳውን ያስታውስ ይሆናል። ታንኳውን አስቀርቶ ያሰረውን እጅ የጣለ ትዝታ ውብ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ግን አይደለም። ስለዚህ «ያ ዘመን መልካም ነበር» የሚል ሰው «ለማን?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል። ይህን ጥያቄ የሚፈራ ትዝታ ዜማ ሆኖ ይኑር፤ ዳኛ ሆኖ ግን አይቀመጥ።

ስለ መጀመሪያ ፍቅርም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከፊቴ ባለው ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ስም የባለቤቱ ነውና። አንድ ቅዳሜ ተማሪዎች በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አየን። ስንመለስ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ከያዘችውም ዳቦ ግማሹን ቈርሳ ሰጠችኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልተነጋገርንም። ይሁን እንጂ የዚያ ቀን የውሃ ብርሃንና ያ ዳቦ ከልቤ ሳይጠፉ ኖሩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ትዳር ይዤ እርሷም የልጆች እናት ሆና፣ ሴት ልጇን አስከትላ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። «አንተ! እንዴት ነህ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው?» ብላ በደስታ ጠየቀችኝ። ጨዋታው ወደ ትምህርት ቤት ዘመን ሲያመራም፣ «ያን የዘጌን ቀን መቼም አልረሳውም» አለች። «እናቴ ታማ ነበርና ከቤት የወጣሁት ልቤ ሳይወድ ነው። ማዕበሉ ጀልባውን ሲያናውጠው ደግሞ ወደ ላይ ሊለኝ ደረሰ። ዳቦውን እንኳ መብላት አቅቶኝ ለአንተ አካፈልሁህ።» ሁለታችንም ሣቅን፤ ለልጆቻችን ጤና ተመራርቀን ተለያየን።

አንድ ቀን፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ ዳቦ፤ መዝገቡ ግን ሁለት ነው። በእኔ መዝገብ ብርሃኑ ተጽፏል፤ በእርሷ መዝገብ የእናቷ ሕመም። ከሁለታችን የዋሸ የለም። ነገር ግን በትዝታ የምትኖረው ልጅ እናት የማታማባት፣ ሆዷ የማይታወክ፣ ዕድሜ የማይነካት ሥዕል ናት። መንገድ ላይ ያገኘኋት ግን ሰው ናት፤ ስለ ሰውነቷም የበለጠ ክብር ይገባታል። ብዙ ሰዎች «የመጀመሪያ ፍቅር አይረሳም» ሲሉ የማይረሱት ያን ሰው ነው ወይስ በዚያ ሰው ፊት የነበረውን የራሳቸውን ወጣትነት? እኔ የሚመስለኝ ሁለተኛው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በጎጃም ምድር የነበረውን የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይተርካል። ብዙ አንባቢ ያለቀሰላቸው እኒህ ወጣቶች ጎጆ ወጥተው ለመኖር አልታደሉም፤ በመካከላቸው የትውልድ ኩራት ቆመ፣ በመጨረሻም ሞት ቀደማቸው። ደራሲው ይህን ማድረጋቸው ያን ኩራት ለመውቀስ ነውና ትክክል ነው። ነገር ግን የእነርሱን ፍቅር ለራሱ ትዳር መለኪያ የሚያደርግ አንባቢ አንድ ነገር ይዘነጋል። የበዛብህና የሰብለ ፍቅር የጤፍ መወደድን፣ የሕፃን ሳልን፣ ደመወዝ ሳይደርስ ያለቀ ዘይትን አላየም።

ያልተፈተነ ፍቅር ከተፈተነው ጋራ ሲመዘን ሚዛኑ ከመጀመሪያውም የተዛባ ነው። በትዝታ ያለችው ልጅ የቤት ኪራይ አትጠይቅም፤ ደክሟት አትቈጣም። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፋ ሌሊቱን ያነጋችው፣ በማለዳም ተነሥታ ለባሏ ቁርስ፣ ለልጆቹ ምሳ ዕቃ አዘጋጅታ ወደ ራሷ ሥራ የምትሄደው ሚስት ከእንዲህ ያለች ሥዕል ጋራ እንድትወዳደር የሚያደርግ ሰው፣ አፉ ምንም ባይናገር፣ በልቡ ፍርድ አጓድሏል። ለባልም እንዲሁ ነው። ከመንገድ አቧራውን ለብሶ የሚገባ ሰው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከነበረ አንድ ጥላ ጋራ በየማታው መታገል የለበትም። በፍቅር ላይ መፈረድ ካለበት፣ በተነገረው ቃል ብዛት ሳይሆን በተሸከመው ሸክም ይፈረድበት።

«እንግዲያስ ትዝታን ከልባችን ፍቀን እንጣለው?» የሚል ይኖራል። ይህስ አይገባም። የማያስታውስ ሰው ማንን ማመስገን እንዳለበት፣ ለማን ምን ቃል እንደ ገባ አያውቅም። ትዝታ መጥፎ የሚሆነው የግማሹን ሲነግረን ነው እንጂ ሲነግረን አይደለም። ለዚህም ከዚያው ከሐይቃችን ሁለት ምሳሌ አመጣለሁ።

የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በሙላቱ ያዩ ትልልቅ ሰዎች ድምፁ ከሩቅ ይሰማ እንደ ነበር በኀዘን ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ከፏፏቴው ወደ ማመንጫው ተከፈለ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚያሻግረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ስለ ፏፏቴው ድምፅ የሚያዝን ሰው በዚያ ውሃ በበራ መብራት ያጠና ልጅ እንዳለም ይቍጠር፤ ስለ መብራቱ የሚመካም የጠፋውን ግርማ አይካድ። ሁለቱን ባንድነት የያዘ ትዝታ ፍርድ ያውቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ እንቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ በታየ ጊዜ አበባው ያማረ ስለ ነበር ለማያውቀው ሰው ጌጥ ይመስል ነበር። ክፋቱ ቶሎ የገባቸው የቀድሞውን ጥርት ያለ ውሃ በልባቸው የያዙት የዳርቻው ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ለእነርሱ ትዝታ ልቅሶ አልነበረም፤ መለኪያ ነበር። ብዙ ሰዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ ታይተዋል። በ2007 ዓ.ም. የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ክብር ነው፤ ሐይቁን የሚያነጻው ግን ያን የመሰለ እጅ ነው። ስለ ጣና የሚያዜም ብዙ ነው፤ ትዝታው እጁን ያንቀሳቀሰለት ሰው ግን የሚበልጥ ምስጋና ይገባዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ነጥብ ይህ ነው። ትዝታ ሲመጣብን በደስታ እንቀበለው፤ ነገር ግን ሳንጠይቀው አንሸኘው። በዚያ ቀን ከእኔ ጋራ የነበረው ሌላው ሰው ምን ያስታውሳል? ደስታዬንስ በድካሙ ያስገኘልኝ ማን ነበር? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የቻለ ትዝታ ሰውን አይበድልም፤ እንዲያውም የዘገየ ምስጋና ለመክፈልና የዛሬውን ኑሮ ለማቃናት ይረዳል።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው በዳርቻው ያደርቁታል። ውሃ ውስጥ የተተወ ደንገል ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ በአዲስ ይተካል። ታንኳ መሻገሪያ ነው፤ ቤት ሠርተው አይኖሩበትም።

ደግሞም አንድ ነገር አንርሳ። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ማታ ማታ ከወላጆቻቸው ጋራ የሚሄዱ ልጆች አሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጅነታችን ያማረ ነበር እያሉ የሚተርኩት ይህን እኛ ተራ የምንለውን ቀን ነው። ያን ጊዜ በመዝገባቸው የምንጻፈው እኛ ነን፤ የተናገርነው ክፉ ቃል፣ ለጎረቤት ያቀረብነው ኩባያ፣ ለቤታችን ያሳየነው ትዕግሥት ሁሉ ይጻፋል። ስለዚህ ያለፈውን ዘመናችንን ከማሳመር ይልቅ የእነርሱን ዛሬ ማሳመር ይሻለናል።