ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ውሸት ነው?

እህቶቼ፣ አገር ቤት «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሰው ስላንቺ የሚያወራውን መጨረሻ የምትሰሚው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እኛ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስለ እኛ የሚወራው እኛው ቆመን ሻይ እየቀዳን ነው። አይገባትም ብለው ነዋ! ታዲያ የገባሽ ቀን ምን ታደርጊያለሽ? ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

የምሠራው ጃብሪያ ነው። ስመጣ የማውቀው አረብኛ «ማፊ» እና «ተማም» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ወር ማታ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ኤርፎን አድርጌ በስልክ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት በዩቲዩብ ለውጭ ሰው የሚያስተምር መምህር ነበር። ፊደሉን የለየሁት ከእሱ ነው፤ 28 ናቸው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ። ውሃ እፈልጋለሁ ለማለት «ኡሪዱ ማአን» በሉ አለ። በማግስቱ ለልጆቹ እንዲህ ብላቸው መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁብኝ። ለካ እሱ የመጽሐፍና የዜና አረብኛ ነው፤ ኩዌቶች «አቢ ማይ» ነው የሚሉት። መስኮትም በመምህሩ «ናፊዛ» ነው፣ እቤት «ደሪሻ»። አፈርኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። ጆሮዬን ግን አልዘጋሁም።

ሁለተኛውን ትምህርት ከአንዲት እህታችን አገኘሁ። እዚህ ብዙ ዓመት የቆየች ናት፣ ዓርብ ዓርብ በዋትሳፕ ድምፅ እየቀዳች በነጻ ትልክልናለች። ማዳምን ለወራት «እንተ» ስላት እንደነበር ያወቅሁት ከእሷ ነው። «እንተ» ለወንድ ነው፣ ለሴት «እንቲ» ነው የሚባለው። እነሱ እናታቸውንም «እንቲ» ይላሉ፤ እንደ እኛ «እርስዎ» የሚባል የለም። እኔ ደግሞ አንቺ እያሉ ይንቁኛል ብዬ ስናደድ ነበር። «ሰማንያ» ሲሉም ስምንት ማለታቸው ነው። ስንቶቻችን ገበያ ላይ ደንግጠናል!

ጓደኞቼ ግን «እንደምታውቂ እንዳታሳውቂ» ይሉኝ ነበር። አረብኛ የምታውቅ ልጅ ስልክ ታነሳለች፣ ከእንግዳ ጋር ትቆማለች፣ ነገር በጠፋ ቁጥር ቀድማ ትጠየቃለች። «አላውቅም ማለት ጋሻ ነው» አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ማዳም ለእህቷ በስልክ ስለ እኔ ስታወራ ሰማሁ። ኮንትራቷ ሲያልቅ ገንዘቡን ካልጠየቀች አንነግራትም፣ ምን ታውቃለች አለች። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ተምሬዋለሁ። የ2015ቱ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳንሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድናርፍ፣ ስንጨርስም ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲሰጠን ይላል። እጄ ሻይ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ዝም አልኩ።

በዚያው ወር ሌላ ነገር ሰማሁ። የትልቋ ልጅ እጮኝነት ፈርሷል፤ ለሰው እንዳይነገር ተባለ። ይህ የእኔ ጉዳይ አልነበረም። ግን ቆሻሻ ልጥል ስወጣ የጎረቤት ሠራተኛ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትለኝ አወራሁላት። ወሬው በሳምንቱ ዞሮ ቤታችን ገባ። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። እኔን ማንም አልጠረጠረም፣ አረብኛ አታውቅማ! የተጠረጠረው ህንዳዊው ሹፌር ነው። እሱ ዓመታት የኖረ፣ ቋንቋውን የሚችል ሰው ነው። ጮኹበት፤ ወደ አገሩ እንመልሰዋለን አሉ።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ራሴን ስጠይቅ፣ በአፌ አንድም ውሸት አልተናገርኩም። አረብኛ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። መማሬም ስርቆት አይደለም፤ ሰው ያወቀውን ሁሉ በር ላይ እየቆመ የማሳወቅ ዕዳ የለበትም። ስለ ራሴ የሰማሁትን ይዤ ዝም ማለቴም አላሳፈረኝም፤ አቅም የሌለው ሰው በምን ይጠበቅ? ታዲያ ምኑ ነው የከበደኝ?

እንዲህ ገባኝ። የዝምታዬን ዋጋ እኔው ስከፍል ጋሻ ነው። ሌላ ሰው ሲከፍልልኝ ግን ውሸት ይሆናል። ሹፌሩ የእኔን ዋጋ እየከፈለ ነበር። የልጅቷም ምስጢር እቤቴ እንደተረሳ ዕቃ ነው፤ ስላየሁት የእኔ አይሆንም። እኔ ስለ እኔ ሲወራ ከተቆጣሁ፣ እሷስ?

በአራተኛው ቀን ማዳም ዘንድ ሄጄ «አና እሊ ጊልት፣ ሙ ሁዋ» አልኩ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም ማለት ነው። ከጥፋቴ ይልቅ አረብኛዬ አስደነገጣት። ተቆጣች፣ ስልኬን ለአንድ ሳምንት ወሰደች። ሹፌሩ ግን ቀረ። ስልኬ ሲመለስልኝ የገንዘቡንም ነገር በአረብኛ ጠየቅኋት። «እናያለን» አለችኝ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ምን እንደምታይ አብረን እናያለን። አሁን ግን ሳሎን ስገባ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህም አንድ ኪሳራ ነው፣ አልክድም።

እጅ የሚነሳበት ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ይህን አንብባችሁ ጋሻችሁን እንዳትጥሉ። ሁሉም ቤት አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ ነፍስ ትቅደም። የምለው ተማሩ ነው፤ መቼ እንደምትናገሩ ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

ዲሴምበር 18 የአረብኛ ቋንቋ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ1973 በዚያ ቀን አረብኛን ከቋንቋዎቹ ጨመረ። ያው ቀን የስደተኞችም ቀን ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን መዋላቸው አጋጣሚ ይሆናል፣ ለእኛ ግን ገጥሟል።

በቅርቡ ሐዋሊ ለመጣች ልጅ እኔም በስልክ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ሌሎች መጀመሪያ «ሃድር» ያስተምሯታል፣ እሺ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ያስተማርኳት «ሽኑ ያዕኒ?» ማለትን ነው። ምን ማለት ነው ብላ ትጠይቅ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?