መርፌዋ ከመሃል ስታልፍ

ልጄ፣ ኮሮላዋን መግዛትሽን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ። የሥራና የሰላም መንገድ ያድርግልሽ። ስለ ቀለሟና ስለ ወንበሯ ብዙ አጫውተሽኛል፤ እኔ ደግሞ ስለ ሞተሯ ላጫውትሽ። ሰላሳ ዓመት መሪ ስይዝ ካየኋቸው የተበላሹ ሞተሮች አብዛኞቹን የፈጃቸው ሙቀት ነው። ሙቀት ደግሞ ሳይናገር አይመጣም።

ይህን የተማርኩት አባይ በረሃ ላይ ነው። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ጭነት ይዤ ዳገቱን እንደተያያዝኩት የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ተነሣች። አየኋት። «ደጀን ልግባና ውሃ እጨምራለሁ» ብዬ ነዳጅ ረገጥኩ፤ የቀረኝ አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ደጀን ሳልገባ ከኮፋኑ ሥር እንፋሎት ተተኮሰ፣ ሞተሩም ጠፋ። በኋላ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ፈትቶ አወረደና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋደመበት። ወደ ብርሃን አዙሮ «እየው» አለኝ። በማስመሪያውና በብረቱ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ያልፋል። ቴስታታው በሙቀት ጎብጦ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ፣ ውሃው ከዘይቱ ጋር የተቀላቀለው በዚያች ክፍተት ነው። አራት ኪሎ ሜትር ለመቆጠብ ስል የብዙ ወር ደመወዜን ከፈልኩ።

«እኔ የምነዳው አዲስ አበባ ውስጥ ነው» እንዳትዪኝ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ስለምንኖር ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር በደህና ጊዜው የሚሠራው ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ውሃው በየቀኑ የማይፈላው ለምን ይመስልሻል? በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት ነው። ክዳኑ ውስጥ ስፕሪንግና ላስቲክ አለ፤ ውሃውን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፣ በግፊት የታፈነ ውሃም የሚፈላበት ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ መገናኛ መብራት ላይ ቆመሽ ውሃሽ ይፈላል። ራዲያተር ሲያስጠርግ፣ የውሃ ፓምፕ ሲያስቀይር ከርሞ ጥፋቱን በመጨረሻ እዚያ ላስቲክ ላይ ያገኘ ሰው አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን እዪ።

ሞተሩ ሲሞቅ ግን እንዳትነኪው! ያ የታፈነ ውሃ ክዳኑ እንደላላ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ይልጣል። የምትከፍቺው ጠዋት፣ ሳታስነሺ ነው።

የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙዪበት፤ ውስጡን ያዝገዋል። ኩላንት ጨምሪበት፣ ግማሽ በግማሽ ይበቃል። አንዳንድ ጋራዥ «ቴርሞስታቱን እናውጣልሽ፣ ሙቀት አይነካሽም» ይሉሻል። እሺ አትበዪ። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ የሙቀቱ ምክንያትም ሳይታከም ተደብቆ ይቀራል።

አሁን ዋናው። መርፌዋ ከለመደችው ቦታ ከፍ ስትል ኤሲውን አጥፊ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺ። ላብ በላብ ትሆኛለሽ፤ ቢሆንም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስልሻል። ወዲያው ዳር ያዢ። መርፌዋ ካልወረደች ወይም እንፋሎት ካየሽ ሞተሩን አጥፊና ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቂ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ የሚደፋ ደግ ሰው መንገድ ላይ አይጠፋም፤ አመስግነሽ ከልክዪው፣ ብረቱን ያሰነጥቀዋል። የኋላው ሰው ክላክስ ሲያደርግብሽ፣ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም መቆም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁሚ።

ጭሱንም ተመልከቺ። በኅዳር ብርድ ጠዋት ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ እሱ አያሳስብሽ። ሞቆም ካልጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሪ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግርሻል፤ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ላስቲክ ነው። ጥቁሩ ነዳጅ ሲበዛ ነው፤ አንዳንዴ የአየር ፊልትሮ ማጽዳት ይበቃዋል።

ዘይቱን መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመሽ በሳምንት አንዴ ለኪ። መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ካየሽ ውሃ ገብቶበታል፣ አትንጂ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሪ ይላሉ። እኔ ግን በአንቺ ቦታ ብሆን ቀደም ብዬ እቀይረው ነበር፤ ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ ተጨናንቀሽ የምትቆሚበትን ሰዓት ኪሎ ሜትሩ አይቆጥረውም፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ቀይ የዘይት መብራት እየነዳሽ ከበራ ደግሞ «እስከ ጋራዥ» የሚባል ነገር የለም፤ ዳር ይዘሽ አጥፊ፣ በመጎተቻ ትሂድ። ከሥር ዱም ዱም የሚል ድምፅ ከሰማሽም እንደዚያው።

ቅዳሜ እንደምትመጪ ነግረሽኛል። ስትደርሺ ሞተሯ ትኩስ ስለሚሆን ጥላው ሥር አቁሚያት፤ ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ትበርዳለች። ከዚያ ክዳኗን አብረን ከፍተን ላስቲኩን እናያለን።